ቀፎውን ወደ ቡናው፦ ለቴፒና ለሚዛን ቡና አምራቾች የንብ መመሪያ

በቴፒ፣ በሚዛን አማንና በሸኮ አካባቢ ቡና የሌለው ገበሬ ማግኘት ይከብዳል፤ ንብ የሚያውቅ ሰውም ሞልቷል። በሸካ ኮቦ በሚባለው ነባር ሥርዓት ቤተሰቡ ቀፎ የሚሰቅልበት የጫካ ድርሻ አለው፤ ሌላ ሰው ገብቶ አይሰቅልበትም። ቀፎው ከቤት ርቆ ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ቡናው ደግሞ ከጓሮ ይጀምራል። ንቡ ለማር፣ ቡናው ለገንዘብ እየተባለ ሁለቱ ለየብቻቸው ይታሰባሉ። ይህ ጽሑፍ ሒሳቡን አንድ ላይ እንዲሠሩት ይጠይቅዎታል። ቀፎውን ለቡናዎ ፍሬ የሚሠራ ጉልበት አድርገው ይቁጠሩት፤ ማሩ ምርቃት ይሁን።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት እውነት አለ። አረቢካ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል። ንብ ባይደርስበትም ያፈራል፤ ስለዚህ «ቡናዬ ያለ ንብ ሲያፈራ ኖሯል» የሚል ገበሬ አልተሳሳተም። ነገር ግን ካበበው ውስጥ ፍሬ የሚይዘው ስንቱ እንደሆነ ቆጥሮ የሚያውቅ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ዴቪድ ሩቢክ የተባሉ ተመራማሪ በፓናማ ያደረጉት ጥናት ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። እንደ ጥናቱ ንብ የአረቢካን ምርት ከ50 በመቶ በላይ ሊጨምር ይችላል። ሥራውን የሠሩት ደግሞ ዝርያቸው ከአፍሪካ የሄደ የማር ንቦች ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኮስታሪካ የተሠራው የቴይለር ሪኬትስና የባልደረቦቻቸው ጥናት እንዳሳየው ከጫካ በ1 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያለው ቡና ምርቱ በ20 በመቶ በልጧል፤ ሁለት ዘር መያዝ ሲገባው አንድ ብቻ የያዘው ፍሬም በ27 በመቶ ቀንሷል። እዚሁ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም የቡናን አበባ በብዛት ሲጎበኝ የተገኘው የራሳችን የማር ንብ ነው፤ ይህን የሚያሳየው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል።

አበባውን ጠጋ ብለው ይዩ

የበጋው ድርቅ የቡናውን እንቡጥ አስተኝቶ ያቆየዋል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል እንቡጡ ይነቃል፤ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ገደማ ቆይቶ ማሳው በአንድ ጠዋት ነጭ ይለብሳል። አበባው የሚከፈተው ጎህ ሲቀድ ነው። ዕድሜው ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። ከዚያ ይጠወልግና ይረግፋል። ዓመቱን ሙሉ የደከሙበት ምርት መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ጥቂት ጠዋቶች ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ቅርንጫፍ ይያዙና አንዲት አበባ ይምረጡ። አምስት ነጭ የአበባ ቅጠሎች አሏት። በመካከላቸው የቆሙት አምስት ወንዴ ዘንጎች የአበባውን ዱቄት ይይዛሉ። ከእነርሱ ወጣ ብሎ የሚታየው፣ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀው ቀጭን ዘንግ ሴቴው ነው። ከሥሩ፣ ፍሬ በምትሆነው ክፍል ውስጥ፣ ሁለት የዘር ቦታዎች አሉ። ለሁለቱም ዱቄት ከደረሳቸው ፊት ለፊት የተጋጠሙ ሁለት ዘሮች ይወጣሉ። ለአንዱ ብቻ ከደረሰው ሌላው ይመክንና ድቡልቡል የሆነ አንድ ዘር ይቀራል። ቡና ሲፈለፍሉ የሚያገኙት ድቡልቡል ፍሬ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

አሁን ንቧን ይጠብቁ። ፀሐይ ሞቅ ማለት ስትጀምር ትመጣለች። ምላሷን ወደ አበባው ጉሮሮ ሰድዳ ጣፋጩን ፈሳሽ ስትመጥ ግንባሯና ደረቷ ከወንዴው ዘንግ ጋር ይታሻል፤ ሰውነቷን የሸፈነው ጸጉር ዱቄቱን ይይዛል። በአየር ላይ እያለች በእግሮቿ ጠርጋ ጠርጋ በኋላ እግሯ ባለው ቅርጫት ውስጥ ትጠቀጥቀዋለች። ቅርጫት የገባው ለእጮቿ ምግብ ነው። ቀጣዩን አበባ የሚያዳቅለው ሳትጠርገው የቀረው ጥቂቱ ነው። ንብ ደግሞ አንድ ዓይነት አበባ ከያዘች በዚያ ጉዞዋ ወደ ሌላ ዓይነት ብዙ አትዞርም፤ ከቡና ወደ ቡና ትሄዳለች። የቡና አበባ ፈሳሽ ውስጥ ካፌይን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ካፌይን የቀመሱ ንቦች የአበባውን ሽታ በማግሥቱ የማስታወስ ዕድላቸው በሦስት እጥፍ እንደሚያድግ አሳይቷል። አንድ ጊዜ ማሳዎን ያገኘች ንብ ተመልሳ የምትመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የ42 ቀኑ ሒሳብ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። በቀፎው ውስጥ አንዲት ንግሥት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችና እንደ ወቅቱ የተወሰኑ ድንጉላዎች አሉ። ንግሥቲቱ የጣለችው እንቁላል ሠራተኛ ንብ ሆኖ እስኪወጣ 21 ቀን ገደማ ይፈጃል። የወጣችውም ንብ ወዲያው ወደ አበባ አትሄድም። መጀመሪያ የእንጀራውን ቀዳዳ ታጸዳለች፣ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች፣ በር ትጠብቃለች። ለመቅሰም የምትወጣው ሦስት ሳምንት ያህል ከሠራች በኋላ ነው። ሲደመር ወደ 42 ቀን ይሆናል። ስለዚህ የካቲት መጀመሪያ ላይ ቡናዎን የምትጎበኘው ንብ ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ የተጣለች እንቁላል ናት። ቡናው ነጭ ሲለብስ አይቶ ስለ ንብ ማሰብ የሚጀምር ሰው ለዘንድሮ አልደረሰም።

ሁለተኛው ነገር የእጭ ነው። የአበባ ዱቄት በዋናነት የእጭ ቀለብ ነው፤ እጭ የበዛበት ቀፎ ዱቄት ፍለጋ ብዙ ሠራተኛ ያሰማራል፣ እጭ የሌለበት ግን ፍላጎቱ ይቀንሳል። ማር የሞላው ነገር ግን እጭ ያነሰው ቀፎ ለማዳቀል ደካማ ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ቀፎዎን ይመርምሩ። የሽግግር ወይም ባለ ፍሬም ቀፎ ካለዎት አመሻሹ ላይ በቂ ጭስ ሰጥተው ይክፈቱ፤ የእጭ እንጀራ አንስተው በየቀዳዳው እንቁላልና ነጭ እጭ መኖሩን ይዩ። ሊከፈት የማይችል ባህላዊ ቀፎ ከሆነ በር ላይ መቆም ይበቃል። ጠዋት ለሩብ ሰዓት ያህል ጎን ላይ ቆመው ይመልከቱ። እግራቸው ላይ የዱቄት ቋጠሮ ይዘው የሚገቡ ንቦች ብዙ ከሆኑ ንግሥቲቱ እየጣለች ነው። ቋጠሮ ሳይዙ የሚገቡ ብቻ ከሆኑ፣ ወይም በሩ ከቀዘቀዘ፣ ችግር አለ።

ችግሩ በአብዛኛው ረሃብ ነው፤ የረሃቡም መነሻ ያለፈው ቆረጣ። በአካባቢያችን ማር ሲቆረጥ እስከ እጩ ድረስ ሁሉን አውጥቶ መውሰድ የተለመደ ነው። እንደዚያ የተገፈፈ መንጋ ወይ ይኮበልላል ወይ ተዳክሞ ይከርማል። ለቡናው ሲባል ይህ ልማድ መቅረት አለበት። የእጭ እንጀራ አይነካም፤ ከማሩም ለንቡ የሚሆን ይቀራል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ቀፎው ባዶ ሆኖ ካገኙት ስኳር በእኩል ውሃ በጥብጠው፣ ከተገኘም በሶ ወይም ሽሮ ጨምረው ማታ ማታ በቀፎው ውስጥ ይስጡ። ውጭ የተቀመጠ ምግብ የሌላ ቀፎ ንብ ስቦ ጠብ ያመጣል። የማር ወቅት ሲደርስ መመገቡን ያቁሙ፤ አለዚያ ስኳሩ ማር ውስጥ ይገባና የሸካን ማር ስም ያበላሻል።

ቀፎውን ማውረድና ማስቀመጥ

መንጋ መግዛት የግድ አይደለም። በዚህ አካባቢ ቀላሉ መንገድ የቆየው መንገድ ነው፦ ባህላዊውን ቀፎ አጥነው፣ ውስጡን ሰም ቀብተው ዛፍ ላይ ይስቀሉ። መንጋ ሲገባበትና ሲደላደል በማታ ያውርዱትና ማሳው አጠገብ ወዳዘጋጁት የሽግግር ቀፎ ያዛውሩት። የማዛወሩን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ የቀበሌዎን የልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳውን የንብ ባለሙያ ይዘው ይሥሩ። ንባችን ቁጡ ነው፤ ያለ ልብስና ያለ ማጨሻ አይሞከርም።

ርቀቱን ይጠንቀቁ። ሠራተኛ ንብ የድሮ ቤቷን ቦታ ታስታውሳለች። ቀፎውን በሁለትና በሦስት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ካዘዋወሩት ብዙዎቹ ወደ ድሮው ቦታ ተመልሰው ይጠፋሉ። ስለዚህ ወይ ከዚያ በላይ ከራቀ ቦታ ያምጡ፣ ወይም መንጋውን ከመጀመሪያውም ቡናው ውስጥ ባለ ዛፍ ላይ ይያዙት። ሁለተኛው ይሻላል። ሲያጓጉዙ በሩን አየር በሚያስገባ ወንፊት ይዝጉ፣ ማታ ይጓዙ፣ ከመንጋቱ በፊት ያድርሱ።

ንብ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ መብረር ትችላለች፤ አበባ ከሞላ ግን ከቀፎዋ ብዙ አትርቅም። ከአንድ ሔክታር ቡና በሁለት ወይም በሦስት ጠንካራ ቀፎ ይጀምሩ፤ በአንድ ጥግ ከሚከማቹ በማሳው ዳርና ዳር ይቀመጡ። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁን፣ የጠዋት ፀሐይ ያግኘው፣ የቀትሩን ፀሐይ ግን ጥላ ይከልክለው። መቆሚያው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። የቴፒ አካባቢ እርጥብ ነውና ውሃ የሚተኛበትን ረባዳ ቦታ ይሽሹ።

የዚህ አገር የንብ ጠላት ጉንዳን ነው። አንድ ሌሊት ያልተጠበቀ ቀፎ ጠዋት ባዶ ሊገኝ ይችላል። የመቆሚያውን አራት እግር የተቃጠለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ያቁሙ፤ ዙሪያውን ሣሩን ይጭዱ፣ አመድ ይነስንሱ፤ ለጉንዳን ድልድይ የሚሆን ቅርንጫፍ ከቀፎው ጋር እንዳይነካካ ይቁረጡ። ቆርቆሮውን በየሳምንቱ ይመልከቱ፤ ዝናብ ሲሞላው ዘይቱ ይፈሳል፣ ቅጠል ሲወድቅበት ጉንዳን ይሻገርበታል።

ሰውንም ያስቡ። ቀፎው ከመኖሪያ ቤት፣ ከከብት ማሰሪያ፣ ከመተላለፊያ መንገድና ከቡና ማድረቂያ አልጋ ይራቅ። ከቀፎው ፊት ረዘም ያለ ቁጥቋጦ ካለ ንቦቹ ከሰው ራስ በላይ ለመብረር ይገደዳሉ። በቀፎው ዙሪያ ያለውን ቡና ለቃሚዎች ማለዳ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ለቅመው እንዲጨርሱ ያድርጉ፤ ምንጠራና ኩትኳቶውም እንዲሁ። የተነደፈ ሰው ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

በራስዎ ማሳ ይሞክሩት

የፓናማና የኮስታሪካ ቁጥር የፓናማና የኮስታሪካ ነው። የእርስዎ ጥላ፣ የእርስዎ ዝርያ፣ የእርስዎ ዝናብ ሌላ ነው። ንብ በማሳዎ ላይ ስንት እንደሚጨምር ለማወቅ የሚያስፈልገው ሻሽ፣ ክርና ደብተር ብቻ ነው።

ዝናቡ ከጣለ በኋላ እንቡጡ ነጥቶ ሲረዝም፣ ሳይከፈት በፊት፣ ዕድሜያቸውና ጥላቸው የሚመሳሰል አምስት ወይም ስድስት የቡና ዛፎች ይምረጡ። በእያንዳንዱ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቅርንጫፎች ይያዙ። በሁለቱም ላይ ያለውን እንቡጥ ቆጥረው ይጻፉ። አንዱን ቅርንጫፍ ነፍሳት በማያስገባ ስስ ሻሽ ይሸፍኑ፤ ሻሹ አበባው ላይ እንዳይጣበቅ ቀጭን ሽቦ ወይም ቀርከሃ በክብ አጥፈው ውስጡ ያስገቡ፣ ግራና ቀኙን በክር ያስሩ። ሌላውን ክፍት ይተዉት፤ እንዳይጠፋ ቀለም ያለው ክር ያስሩበት። አበባው እንደረገፈ ሻሹን ያንሱ። ካልተነሣ ፍሬው በጥላና በእርጥበት ይጎዳና ሒሳቡ ይዛባል።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በሁለቱም ላይ የያዘውን ፍሬ ይቁጠሩና ለመጀመሪያው የእንቡጥ ቁጥር ያካፍሉ። ለምሳሌ ከ100 እንቡጥ በተሸፈነው 40፣ በክፍቱ 55 ፍሬ ከተገኘ ልዩነቱ የንብና የሌሎች ነፍሳት ድርሻ ነው። ሲደርስ ደግሞ ከሁለቱም ለየብቻ ለቅመው ይፈልፍሉና ስንቱ ድቡልቡል እንደሆነ፣ ፍሬውም ስንት እንደሚመዝን ይለኩ። ይህን ሙከራ ቀፎ ከማምጣትዎ በፊት አንድ ዓመት፣ ካመጡ በኋላ አንድ ዓመት ቢያደርጉት ቀፎው የጨመረልዎትን ያያሉ። በክፍቱና በተሸፈነው መካከል ልዩነት ካላገኙ ንብ ወደ አበባው እየመጣ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ አበባው በፈነዳበት ጠዋት አንድ ዛፍ ሥር ቆመው ለዐሥር ደቂቃ ስንት ንብ እንደመጣ ይቁጠሩ።

ርጭቱ

ቀፎ ያስቀመጠ ሰው የጎረቤቱ መርጫም ይመለከተዋል። መጤው ተምች በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በየካቲት 2009 ዓ.ም. በዚሁ በቴፒ አካባቢ፣ በየኪ ወረዳ ነው። ከዚያ ወዲህ በበቆሎ ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት በዝቷል። በቆሎ የሚዳቀለው በነፋስ ቢሆንም ንብ ከአናቱ ካለው ወንዴ አበባ ዱቄት ትሰበስባለች። በቆሎው አናት ባወጣበት ጊዜ ጠዋት የተረጨ መድኃኒት የሰፈሩን ቀፎ ሊፈጅ ይችላል። ጎረቤትዎን ያነጋግሩ። ተምቹ ገና ትንሽ ሳለ በእጅ መልቀም ከተቻለ ይለቀም፤ ግድ ከሆነ ንብ ከገባ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ፣ በተክሉ እምብርት ብቻ ይረጭ፤ ከአንድ ቀን በፊትም ለቀፎ ባለቤቶች ይነገራቸው።

ቡናው ባበበበት ሳምንት በማሳው ውስጥ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይረጭ። የአረም መድኃኒትም ቢሆን ንቡን ወዲያው ባይገድለው እንኳ ከቡና አበባ በፊትና በኋላ የሚኖርበትን አበባማ አረም ያጠፋበታል። ከቡናው ግንድ ዙሪያ ያለውን አርመው በመስመሩ መካከል ያለውን ማጨድ ብቻ ቢሆን የተሻለ ነው።

ከቡናው ሌላ

ቡና ንብ ይጠቅመዋል፤ ዱባ ግን ያለ ንብ ጨርሶ አያፈራም ማለት ይቻላል፤ ወንዴና ሴቴ አበባው ለየብቻ ነውና። አቮካዶ አንዷ አበባ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች፤ መጀመሪያ ሴቴ፣ በማግሥቱ ወንዴ ሆና፤ ስለዚህ ዱቄቱን ከአበባ ወደ አበባ የሚያሻግር ነፍሳት ትሻለች። የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል ከሚሠራባቸው ቅመሞች ውስጥ ንብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሄል ነው፤ የአበባው ዱቄት ያለ ነፍሳት ወደ ሴቴው አይደርስም፣ አበባውም ዕድሜው አንድ ቀን ነው። ቁንዶ በርበሬ በአብዛኛው በዝናብ ጠብታና በራሱ ይዳቀላል። እርድና ዝንጅብል በሥራቸው የሚራቡ፣ ሙዝም ሳይዳቀል የሚያፈራ ስለሆነ ለእነርሱ ብለው ቀፎ አያምጡ።

የማር ንብ ብቻውን አይሠራም። ከመሬት ሥር ጎጆ የምትሠራው ጣዝማ፣ በደረቀ ግንድ ውስጥ የምትኖረው ትልቋ ጥቁር ንብም አበባ ይጎበኛሉ። የጣዝማን ማር ለመድኃኒት ብለው ሲቆፍሩ ጎጆው እንዳለ ይጠፋል፤ በቡና ማሳዎ ውስጥ ካለች ሳይነኩ ይተዉአት።

የቡና አበባ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ዓመት ንቡ የሚበላው ከዛፍ ነው። በበጋ ግራዋ፣ ከመስከረም በኋላ ዋንዛ፣ በተለያየ ወቅት ሰሳና ብሳና ያኖሩታል። ቡናው ከረገፈ በኋላ ደግሞ ገተመ ይመጣል፤ የሸካና የከፋ ነጭ ማር የሚገኘው ከእርሱ ነው። ዩኔስኮ የከፋን ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን በ2012 ባዮስፌር ሪዘርቭ (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ጥብቅ ክልል) ብሎ መዝግቧቸዋል፤ የቡናዎ ጥላም የዚያው ጫካ ቅጥያ ነው። ጥላ ሲያሳሱ እነዚህን ዛፎች ያስቀሩ፤ አጥርዎንም ግራዋ ያድርጉት፣ በቁርጥራጭ ግንዱ ይበቅላል። ገተመ ግን ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጃልና በመሬትዎ ላይ ያለውን አይቁረጡት፤ ልጅዎም እንዳይቆርጠው ይንገሩት።